ምራኑን በአንድ ጣት

አንድ የግብርና ኮሌጅ መምህር ነበር። ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት፣ ወሩ ሰኔ ነው። ዝናቡ በጊዜው ገባ። አንድ ሳምንት ዘንቦ ሦስት ቀን አባራ። መሬቱ ለእርሻ ተመችቶ ነበር።

መምህሩ ይርሳው ይባላል። ለአርባ ተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሰጠ። “ወደየቤታችሁ ሂዱ። የወላጆቻችሁን ማሳ ዞራችሁ እዩ። ጎርፍ አፈሩን ከየት ጋ እንደሚወስደውና ምን ቢደረግ እንደሚሻል ጻፉ” አላቸው።

አርባ ወረቀት መጣለት። ሁሉም ያማረ ነው። ማንበብ ሲጀምር ግን የሠላሳ ስድስቱ ማሳ ቀይ አፈር ሆነበት። የሠላሳ ስድስቱም ማሳ ወንዝ ዳር ሆነ። በዚያ አገር ያን ያህል ወንዝ የለም።

ነገሩ ገባው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት፣ በስልክ የጠየቁትን ሁሉ የሚጽፍ መሣሪያ አለ። ተማሪዎቹ እሱን አጽፈውታል። መምህሩ ተናደደ። ዜሮ ሊሰጣቸው ቆረጠ። ዜሮ ያገኘ ተማሪ ዓመቱን ይደግማል። ውጤቱ የሚገባው ሰኞ ነው። ከዚያ በፊት ግን አንዱን ማሳ እንኳ በዓይኑ ማየት ፈለገ። ቅርብ የነበረው የተማሪ ስንዱ አገር ነው። ዓርብ ጠዋት እሷን አስከትሎ ሄደ።

አባቷ ደምለው ማሳው ላይ ነበር። ቦራ የሚባል ወይፈን፣ ዳልቻ ከሚባል አሮጌ በሬ ጋር ጠምዶ እየገራ ነው።

“ጋሼ ደምለው፣ ልጅዎ ስለ ማሳዎ የጻፈችውን ላንብብልዎት?” አለ መምህሩ።

“አንብብ።”

ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ እየተረጎመ አነበበ። “የአባቴ ማሳ ቀይ አፈር ነው። ወንዝ ዳር ይገኛል። አባቴ በመስኖ ቲማቲም ያመርታል።”

ገበሬው የቆመበትን ጥቁር የዋልካ አፈር አየ። ከዚያ ልጁን አየ።

“አባትሽ ማን ነው?” አላት።

ስንዱ አቀረቀረች። መምህሩ ተቆጥቶ ነበር የመጣው፤ ሳቁ ግን አመለጠው።

“የጻፈላት መሣሪያ ነው፣ ጋሼ።”

“ማሳዬን አይቶታል?”

“የለም፣ አላየውም።”

“ደፋር ነው። ወንዙን ግን የት እንዳገኘው ጠይቅልኝ። ሃያ ዓመት ስፈልገው ነበር።”

“ቀልድ አይደለም። ለሠላሳ ስድስቱም ዜሮ እሰጣለሁ፤ ልጅዎም ትደግማለች። ከእንግዲህ ስልክ የሚባል ነገር ክፍሌ አይገባም።”

ገበሬው እርፉን አቀበለው።

“ያዝ። መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ። ዋልካ ጫማ ይወዳል።”

መምህሩ ጫማውን አውልቆ አረሰ። ሁለት ፈር ሄዶ ተመለሰ። ገበሬው ፈሩን አይቶ፣ “እባብም ከዚህ ቀና ብሎ ይሄዳል” አለ። ከዚያ ወደ ወይፈኑ ጠቆመ።

“ቦራ እየሳበ ነው?”

“እየሳበ ነው። እኩል እየሄዱ ነው።”

“መሄድ መሳብ አይደለም። ምራኑን እይ።”

ምራን ቀንበሩን ከሞፈሩ ጋር የሚያስረው ጠፍር ነው። መምህሩ ጎንበስ ብሎ አየ። ምራኑ የታሰረው መሃል ላይ ሳይሆን ወደ ዳልቻ ተጠግቶ ነው። ወደ እሱ ሲጠጋ ሸክሙ የእሱ ነው። ወይፈኑ አንገቱን ቀንበር ውስጥ ከትቶ ሽርሽር ወጥቷል።

ገበሬው ምራኑን ፈትቶ መሃል ላይ አሰረና፣ “አሁን ንዳ” አለ። ሦስት እርምጃ አልሄዱም። የቦራ ወገን ወደ ኋላ ቀረ፤ ቀንበሩ ተንጋደደ።

“አየህ? ዳልቻን ፍታው ብትለኝ ቦራ ብቻውን ማረስ አይችልም። ምራኑን እዚያው ተወው ብትለኝ ዕድሜውን ሙሉ ሳይስብ ገለባዬን ይበላል።”

“ታዲያ ምን ያደርጋሉ?”

“ምራኑን በየቀኑ አንድ ጣት ወደ መሃል አመጣለሁ። ከዚያ ቀንበሩን አያለሁ። ቀንበር አይዋሽም።”

ገበሬው ወደ ልጁ ዞረ።

“ስንዱ፣ ማሳችንን ጎርፍ የሚበላው የት ጋ ነው?”

“ከዋርካው በታች ነው፣ አባ። አምና እርከን ከሠራህበት ጋ” አለች። ትንሽ አመነታችና ቀጠለች። “እርከኑ ወደ ቁልቁለቱ ዞሯል። ውኃው በጫፉ ያመልጣል። ድንጋዩ ሦስት ክንድ ወደ ላይ ቢመለስ ኖሮ ይይዘው ነበር።”

አባትየው ፊቱ አልተፈታም። መምህሩ ግን እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አጠፈው።

“አንቺ ልጅ! ይህን ለምን አልጻፍሽውም?”

“እንግሊዝኛዬ ያሳፍራል ብዬ ነው፣ መምህር። የእሱ ያማረ መሰለኝ።”

“እኔም ያማረውን ነው የጠየቅኋችሁ ለካ” አለ መምህሩ። ጫማውን በእጁ እንደያዘ ተመለሰ።

ሰኞ ዜሮ አልሞላም። ከኮሌጁ የሁለት ሳምንት ጊዜ ጠይቆ ተፈቀደለት። ወረቀቱን ለሠላሳ ስድስቱ መለሰላቸውና እንዲህ አላቸው፦ “ይህን ይዛችሁ ማሳችሁ ላይ ቁሙ። መሣሪያው የዋሸውን በቀይ ሰርዙ። ያላየውን እናንተ ጻፉ። ስትመለሱ ስልካችሁን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣችሁ በአፋችሁ ታስረዱኛላችሁ።” ከስንዱ ወረቀት ሳይሰረዝ የቀረው “የአባቴ ማሳ” የሚለው ብቻ ነበር። ክፍሉ ሳቀ። ጎርፉን ስታስረዳ ግን ሁሉም አዳመጣት፤ አለፈች።

በአዲሱ ዓመትም መምህሩ መሣሪያውን አላባረረውም። መጀመሪያ አብረው ጠየቁት፤ መልሱን አብረው መረመሩት። ከዚያ በየሳምንቱ ሥራውን እየቀነሰ ወደ ተማሪዎቹ አመጣው። የመጨረሻውን ወረቀት ብቻቸውን ጻፉ። እንግሊዝኛው እንደ ድሮው አላማረም። አፈሩ ግን የየራሳቸው ነበር።

የሚያግዝ ሁሉ አያሰንፍም። የሚያሰንፈው ሸክሙ ማን ላይ እንዳለ አለማየት ነው። ብርቱውን ፈትቶ ማባረርም፣ ሁሉን ለብርቱው መተውም ወይፈን አይገራም። አንተስ፣ የምታስተምር ሰው፣ የክፍልህ ምራን የት ጋ ታስሯል?

ገበሬው ደምለው ያን ዓርብ ለልጁ አንድም ቃል አልጨመረላትም። በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ከዚያም እሑድ ሰንበት ናቸው፤ አይታረስም። ሰኞ ማለዳ ግን ዶማውን ይዞ ከዋርካው በታች ወረደ። አምና በእጁ የሠራውን እርከን አፈረሰ። ድንጋዩን ሦስት ክንድ ወደ ላይ መልሶ ደረደረው።