የማይስተው ጦርና ሰጪው

አንድ ሰው ነበረ፤ አዳኝ። ከእሱ ልጀምርልህ ናሁሠናይ፤ ለጥያቄህ ያለኝ መልስ የእሱ ታሪክ ነው።

አስቀድሜ ግን በትክክል ሰምቼህ እንደሆነ ልድገመው። እናንተ ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው በተለያየ ቦታ ጠረጴዛ ከባችሁ ትጫወታላችሁ። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ጀግና አለው፤ አንዱ ጦረኛ፣ አንዱ ፈዋሽ፣ አንዱ ሰርሳሪ ሌባ ነው። የጨዋታው መሪ ታሪኩን ይተርካል፤ ተጫዋቾቹ ዳይስ የሚባለውን ባለ ቁጥር ጠጠር እየጣሉ ጀግኖቻቸውን ከጭራቅ ጋር ያዋጋሉ። ማኅበራችሁ አንድ ስለሆነ፣ አንድ ሰው በዚህኛው ጠረጴዛ የተሸለመውን ይዞ በዚያኛው ጠረጴዛ መጫወት ይችላል። አንተ በምትመራው ጠረጴዛ ምንተስኖት የሚባለው ተጫዋች ጓደኞቹን ለማትረፍ ሲል ጀግናውን ለሞት አሳልፎ ሊሰጥ ቆረጠ። ልብህ ተነካና ድንጋይ የሚሰነጥቅ አስማተኛ ሰይፍ ሸለምከው። አሁን ምንተስኖት በሄደበት ጠረጴዛ ሁሉ ሰይፉ ጭራቁን ስለሚጨርሰው፣ ሌሎቹ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። እኩሌቶቹ ሰይፉ ይወሰድበት ይላሉ፤ እኩሌቶቹ ለእኛም ይሰጠን ይላሉ። አንተም ግራ ቢገባህ «መምህር፣ ፍትሑ የቱ ነው?» ብለህ መጣህ። ይኸው ነው አይደል? እንግዲያው ስማኝ።

አዳኙ የሚኖረው በአንድ ትልቅ ወንዝ ዳር ነበር። ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ብዙ መንደሮች አሉ። አገሩ ማሽላ ያበቅላል፤ ማሽላው ደግሞ ከርከሮ ይጠራል። ነብሩም በበኩሉ ጥጃ ይወስዳል። ስለዚህ ሰዎቹ አንድ ልማድ ነበራቸው። አውሬ ያስቸገረው መንደር ቀንድ ሲያስነፋ፣ በዚያን ቀን ሥራ ያልያዘው አዳኝ ሁሉ ከየመንደሩ ይወጣል። ዱካ የሚከተለው፣ ውሻ የሚያሠማራው፣ መረብ የሚዘረጋው፣ ጦር የሚወረውረው፣ ሁሉም ይመጣል። አንዱ ያለ ሌላው ከንቱ ነው። ሲመለሱ መንገዱን ሁሉ ሲያወሩ ይሄዳሉ። ማሽላው የተረፈው በእኔ ነው የማይል አልነበረም፤ ደግሞም ማንም አልዋሸም።

ከእነዚያ መንደሮች በአንዱ አንድ ባለጠጋ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ነብር በረቱ ገባ። አዳኙ በዚያ ሲያልፍ ጩኸት ሰማና ሮጦ በሩ ላይ ቆመ። ጦሩ በመጀመሪያው ምት ተሰበረ። እሱ ግን ከበሩ አልተነቃነቀም። ሰው እስኪደርስለት ድረስ በተሰበረው እንጨትና በክንዱ ሲከላከል ቆየ። ነብሩ ሸሸ፤ ከብቶቹ ዳኑ፤ የአዳኙ ክንድ ግን ክፉኛ ተቦጫጨቀ።

ባለጠጋው ይህን አይቶ አለቀሰ። ወደ እልፍኙ ገባና ከአያቶቹ የወረሰውን ጦር ከግድግዳው አውርዶ አመጣ። ያ ጦር ሌላ ነው። ከተወረወረ አይስትም። አውሬው ቁጥቋጦ ውስጥ ቢሸሸግም ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ ከዚያም ወደ ወርዋሪው እጅ ይመለሳል። ባለጠጋው በሰው ሁሉ ፊት ለአዳኙ ሰጠው። ግቢው በእልልታ ተናወጠ። አይገባውም ያለ አልነበረም። እውነትም ይገባው ነበር፤ ይህን እንዳትዘነጋ።

ክንዱ ሲሽር ከታችኛው መንደር ቀንድ ተነፋ። አዳኞቹ ተሰበሰቡ። ውሾቹ ገና ከገመዳቸው ሳይፈቱ አዳኙ ጦሩን ወረወረ፤ ከርከሮውም ወደቀ። መንደሩ ደስ አለው። በሚቀጥለውም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም እንዲሁ። ዱካ ተከታዩ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ሲመረምር ጦሩ በራሱ ላይ አልፎ ይሄዳል። መረበኛው መረቡን በትከሻው ተሸክሞ ሄዶ፣ ጤዛ እንኳ ሳይነካው ተሸክሞት ይመለሳል።

መጀመሪያ ላይ ቅናት አልነበረም። ግራ መጋባት ነበር። ሰው ማሽላ ስለ ዳነ እንዴት ይከፋዋል? እያንዳንዱ ይህን በልቡ ይጠይቅና በራሱ ያፍራል። ለጓደኛውም አይናገርም። በአደኑ ላይ ግን የማያውቁት ሰው ለቅሶ እንደደረሱ ሰዎች፣ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ይቆማሉ።

የመንደር ሽማግሌዎችም ሌላ ሐሳብ መጣላቸው። ይህን የመሰለ ጦር ካለን በከርከሮ ለምን እናባክነዋለን አሉ። ቡድኑን ጎሽ ወደሚውልበት ገደል ሰደዱት። አዳኙ ጎሹን ጣለው። ጎሹ ከመውደቁ በፊት ግን ውሾቹን ጨረሳቸው። በጦሩ ልክ የተመረጠ አውሬ በውሾቹ ልክ አልነበረም። ባለ ውሻው የሞተችውን አሮጊት ውሻውን ታቅፎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ያን ጊዜ ማጉረምረም ተጀመረ። አዳኙም ሰማ። ሞኝ አልነበረም፤ ትዕቢተኛም አልነበረም። መረበኛው የልብ ወዳጁ ስለነበር ወደ እሱ ሄዶ ጥፋቱን እንዲነግረው ለመነው።

መረበኛው ብዙ አሰበ። «ጥፋትህን ብፈልግ አጣሁት» አለው። «ግን ካንተ ጋር ወጥቼ ስመለስ፣ የወጣሁ አይመስለኝም።»

አዳኙ ይህን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። በሚቀጥለው ጊዜ ቀንድ ሲነፋ ጦሩን አልወረውርም ብሎ ለራሱ ወሰነ። በዚያ ቀን አንድ ትልቅ ከርከሮ ማሽላ ውስጥ ተኝቶ ነበር። አዳኙ የጦሩን ጫፍ መሬት አስነክቶ ወደ ኋላ ቆመ። ዱካ ተከታዩ መራ፤ ባለ ውሻው ገና ያልበሰሉትን ቡችሎቹን ለቀቀ፤ መረበኛው እየሳቀ መረቡን ዘረጋ። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ሲስቅ አልታየም ነበር። ከርከሮው ተስፈንጥሮ መረቡ ላይ ሲያርፍ ግን መረቡ ተቀደደ። ተጠቅልሎ ከርሞ ገመዱ በስብሶ ነበርና። አውሬው መረበኛው ላይ ወጣ።

አዳኙ ጦሩን አነሳ። ልወርውር ወይስ ልተው ብሎ አመነታ። ያ ማመንታት ለዓይን ቅጽበት ያህል ነው፤ የከርከሮው ጥርስ ለገባበት ለመረበኛው ጭን ግን ረጅም ነበር። ጦሩ ደረሰ፤ ከርከሮው ሞተ፤ መረበኛውም በሕይወት ተረፈ፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነለትም።

የመረበኛው ሚስት አዳኙን በሯ ላይ አገኘችው። «በእጅህ ይዘኸው ቆመህ ታይ ነበር?» አለችው። ትናንት ለምን ወረወርክ ተባለ፤ ዛሬ ለምን አልወረወርክም ተባለ። ሁለቱም እውነት ሆኑበት።

ተነሥቶ ወደ ባለጠጋው ቤት ሄደ። «ጌታዬ፣ ይህን ጦር ይውሰዱልኝ» አለ። «ብወረውር እበድላለሁ፤ ባልወረውርም እበድላለሁ።»

ባለጠጋው ተቆጣ። ስጦታ መመለስ ሰጪውን በጥፊ መምታት ነው አለ። ቀንተውብህ ነው እንጂ አንተስ ምን አደረግህ፣ ሂድና ጦርህን ይዘህ ኑር አለው። አዳኙ ግን ከደጁ አልሄድም አለ። ባለጠጋው ቢሰለቸው፣ እንግዲያው እኔው ሄጄ በዓይኔ አያለሁ አለ። ከዚያ ቀን በፊት በሌላ መንደር አደን ወጥቶ አያውቅም።

ቀንድ ሲነፋ ባለጠጋው ከኋላ ተከተለ። ዱካ ተከታዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ በትር ሲልጥ አየው። ባለ ውሻው ጭራሽ አልመጣም። አዳኙ ወረወረ፤ አውሬው ወደቀ። ባለጠጋው በግቢው የሰማውን ዓይነት እልልታ ጠበቀ። እልልታ ግን አልነበረም። ሁለት ሰዎች አውሬውን ተሸክመው ሄዱ፤ ሌሎቹም ተበተኑ።

ሲመለስ በመረበኛው ቤት በኩል አለፈ። መረበኛው እግሩን ዘርግቶ ደጁ ላይ ተቀምጦ መረቡን ይጠግን ነበር። ባለጠጋው በአዳኙ ተቀይሞ እንደሆነ ጠየቀው።

«በእሱስ አልተቀየምኩም» አለ መረበኛው። «በማን እንደምቀየም ነው የጠፋኝ።»

ባለጠጋው ይህን እያሰላሰለ ወደ ቤቱ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የመንደሮቹ ሁሉ ሽማግሌዎች በጉዳዩ ተሰበሰቡ። እንደናንተው እኩሌቶቹ ይወሰድበት አሉ። ሌሎቹ ለየመንደሩ አንዳንድ እንዲህ ያለ ጦር ይፈለግ አሉ። አንዱ ሽማግሌ ግን ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ ጦር ካለው ውሻና መረብ ለምን ያስፈልጋል፣ ሰውስ ለምን አብሮ ይወጣል ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ሲተበተብ ባለጠጋው ተነሣ።

«ጦሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ዋጋውን የከፈላችሁት ግን እናንተ ናችሁ» አለ። «ለእኔ የግድግዳ ጌጥ ነበር። ሳወርደው ከቤቴ የጎደለ ነገር የለም። የጎደለው ከእናንተ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንዳችሁም በግቢዬ አልነበራችሁም።»

ከዚያ ወደ አዳኙ ሄደና በፊቱ ዝቅ አለ። ይቅርታ ጠየቀው። ውለታህን በሌላ ሰው ኪሳራ ከፈልኩህ አለው። ጦሩን ከእጁ አልነጠቀውም፤ እንዲመልስለት ለመነው እንጂ። በምትኩም ውኃ ገብ የሆነውን፣ ቤቱን የሚመግበውን የወንዝ ዳር መሬቱን ሰጠው። የባለጠጋው ልጆች ፊታቸው ጠቆረ። ባለጠጋውም አያቸውና ይህ ሲጎድል የሚጎድለው ከእኛ ቤት ነው፣ እንዲህ ነው መሆን የነበረበት አላቸው።

አዳኙ ጠባሳ ያለበትን ክንዱን አሸ። በመጨረሻ ቀስ ብሎ «በደሜ ያገኘሁት ነው» አለ።

«ነው» አለ ባለጠጋው።

አዳኙም ጦሩን በባለጠጋው እጅ ላይ አኖረው።

አሁን ሁሉም ነገር ተስተካከለ እንድልህ ትጠብቃለህ። ከዚያ በኋላ ቀንድ ሲነፋ ሁሉም መጣ፤ መረበኛውም እያነከሰ መጣ። ግን ሥራውን ረስተውት ነበር። ውሾቹ በአንድ በኩል፣ ሰዎቹ በሌላ በኩል ሆኑ። ከርከሮው በመካከላቸው ሾልኮ አመለጠ፤ የአንድ ድሃ ማሽላም ተረጋግጦ ቀረ። ድሃው ጦሩ ቢኖር ኖሮ እህሌ በዳነ ነበር ብሎ አማረረ፤ ተሳስተሃል ያለው የለም። አዳኞቹ ግን ጭቃ በጭቃ ሆነው፣ አንተ ነህ ያጠፋኸው አንተ ነህ እየተባባሉ፣ እየተጨቃጨቁ ገቡ። አዳኙም በመካከላቸው አብሮ ይጮህ ነበር። ሚስቱ ደስ ብሎህ ነው ወይስ ከፍቶህ ብላ ብትጠይቀው፣ እኔም አልለየሁትም አላት።

እንግዲህ ናሁሠናይ፣ ባለጠጋው አንተ ነህ። መንደሮቹ ጠረጴዛዎቻችሁ ናቸው፤ አዳኙ ምንተስኖት ነው። አንተ ግን እስካሁን ስትጠይቀኝ የነበረው ስለ አዳኙ ነው፤ ይወሰድበት ወይስ ይተውለት እያልክ። እስቲ ስለ ሰጪው ጠይቀኝ። ያ ሰይፍ አንተን ምን አስወጣህ? አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ያስወጣህ። «ይኸውልህ ሰይፍ» አልክ፤ አለቀ። የከፈሉት በሌሎቹ ጠረጴዛዎች የተቀመጡት፣ አንተ ስትሰጥ ያላየሃቸው ናቸው። በሰጪው ላይ የማይከብድ ስጦታ የሚከብደው በቦታው በሌለው ሰው ላይ ነው። የበደሉም ቀን ሰዎቹ ያጉረመረሙበት ቀን አይደለም፤ አንተ በቸርነትህ የተደሰትክበት ቀን ነው።

ድሃው ማሽላውን አጥቶ የለም ወይ ልትለኝ ነው። አዎ፣ አጥቷል። አንዴ የተሰጠ ነገር ያለ ጉዳት አይመለስም፤ ለዚህ ነው ከመስጠት በፊት መመዘን ያለበት።

ቅዳሜ መጀመሪያ ሌላ ሰው በሚመራው ጠረጴዛ እንደ ተራ ተጫዋች ተቀመጥ። ምንተስኖት ሰይፉን ሲመዝ የሌሎቹን እጅ እይ። ከዚያ እሱን ለብቻው ጥራውና ይቅርታ ጠይቀው። በምትኩም ከራስህ ቆርሰህ ስጠው፤ ሳምንቱን ሙሉ ደክመህ የእሱ ጀግና የሚታወስበትን ታሪክ ሥራለት፤ በራስህ ጠረጴዛ ላይ ብቻ የሚኖር። ሰይፉን ግን አትንጠቀው። ለምነውና ዝም ብለህ ጠብቅ። ላይሰጥህም ይችላል።