ምንጩን የመለሰው ሰው

ስመኝ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳስተምርሽ አንድ ጥያቄ ጠይቀሽኝ የክፍሉን ልጆች ሁሉ አሳቅኩብሽ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ቁጥር ከእሱ በአራት ከሚበልጠው ቁጥር ጋር ሲባዛ አሥራ ሁለት ይሆናል፤ ቁጥሩ ስንት ነው? አንቺ ወጥተሽ «ወይ የመጀመሪያው አሥራ ሁለት ነው፣ ወይ ሁለተኛው አሥራ ሁለት ነው» ብለሽ ጻፍሽ። ስህተት ነው አልኩሽ። መጀመሪያ አሥራ ሁለቱን ወደዚህ አምጥተሽ ማዶውን ዜሮ አድርጊው፣ ከዚያ ፋክተር አድርጊ አልኩሽ።

«ቲቸር፣ ለምን ዜሮ? አሥራ ሁለት ምን አጠፋ?» አልሽኝ።

«ደንብ ነዋ። ደንብ ካልጣመሽ ገበያ ወጥተሽ ቃሪያ ቁጠሪ» አልኩሽ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እውነቱን ልንገርሽ፣ መልሱን አላውቀውም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ እጅሽን አላወጣሽም። መልሱ ዘግይቶም ቢሆን ይኸውልሽ፤ ያልኩሽን ስለማልረሳው የማወራሽም ስለ ቃሪያ ነው።

አንድ ቃሪያ የሚያለማ ሰው ነበረ። ማሳው የመስኖው ቦይ መጨረሻ ላይ ነው። ውሃው ከወንዝ ተጠልፎ፣ በሁለት ጎረቤቶች ግቢ አልፎ ነው የሚደርሰው። የላይኛው ጎረቤት በግቢው ውስጥ አንድ ሳንቃ አለው፤ የታችኛዋ ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባት ሴት፣ ሌላ ሳንቃ አላት። ሳንቃው ሲነሳ ውሃው ያልፋል፣ ሲወርድ ይቆማል። የላይኛው ጎረቤት ሴት ልጁን ለዚህ ሰው ልጅ ሊድር ነው፤ ሰርጉም ቀርቧል።

በዚያው ሰሞን ውሃው ቀጠነ። የቃሪያው ችግኝ አንገቱን ደፋ። ሰውየው ወደ ታችኛዋ ጎረቤት ሄዶ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ ጠየቃት።

«የኔ ሳንቃ ከተነሳ ሰንብቷል፤ አፉን ከፍቶ የሰርግ ጥሪ ይጠብቃል» አለችው። «ይልቅ አማችህን ጠይቅ። ወይስ እሱን ትፈራለህ?»

ፈርቷል። አማች የሚሆንን ሰው ውሃዬን ከለከልከኝ ማለት ሰርጉን ማፍረስ ነው። ዝም ካለ ደግሞ ችግኙ ይደርቃል፤ ጥርጣሬውም ከሙሽራዋ ጋር አብሮ ቤቱ ይገባል።

በዚያ አገር ውሃ የሚያከፋፍሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ የውሃ አባት ይባላሉ። ሰውየው ወደ እሳቸው ሄደ።

«አባቴ፣ ይግቡና የሁለቱንም ሳንቃ ይዩልኝ።»

«ውሃህ ጠፍቷል?»

«ኧረ ይመጣል። ቀጠነብኝ እንጂ።»

«ከቀጠነማ አልገባም» አሉ። ውሃ ፈጽሞ ካልጠፋ በቀር በሰው አጥር አያልፉም፤ ደንባቸው ነበር። ሰውየው ለምን ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸው ግን በጥያቄው አልተቆጡም።

«ቀጭን ውሃ ምስክር አይሆንም፣ ልጄ። እሱ ብዙ ከፍቶ እሷ ጥቂት ብትከፍት ይህንኑ ያህል ይደርስሃል። እሱ ጥቂት፣ እሷ ብዙ ብትከፍትም ይህንኑ ያህል ነው። ሁለቱም ገርበብ ቢያደርጉት ያው ነው። በማን ልፍረድ? ባዶ ቦይ ግን አይዋሽም። ውሃ ጨርሶ ከጠፋ ከሁለቱ አንዱ ዘግቷል፤ ሌላ ትርጉም የለውም።»

ይህን ብለው አብረውት ወደ ማሳው ወረዱ። ጎንበስ አሉና እጃቸውን ቦዩ ውስጥ ነከሩ።

«ይህ ለብ ያለ ነው። የወንዙ ውሃ እጅ ያደነዝዛል። የማን ውሃ ነው?»

«የራሴ ምንጭ አለች፤ ከዚያ ድንጋይ ስር ወጥታ ድሮም እዚሁ ትገባለች።»

«እሷን ወደ ሌላ መልሳትና እንየው።»

ሰውየው ደነገጠ። ችግኙን እስካሁን ያቆየችው ያቺ ምንጭ ብቻ ብትሆንስ? ፀሐዩ ደግሞ እየከረረ ነው። ዶማውን ይዞ ቃሪያውን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ከዚያ ቆፈረና ምንጩን ወደ ገደሉ መለሰው።

ቦዩ ደረቀ።

ሽማግሌው ፊታቸው በራ። «አሁን እገባለሁ» ብለው ዱላቸውን አነሱ።

የሴትየዋ ሳንቃ እስከ ላይ ተነስቷል፤ ከስሩ ያለው ጭቃ ተሰነጣጥቋል። «ከገባችሁ አይቀር ቁርስ ብሉ» አለች። ሰውየው ግን አልተቀመጠም። የቀረው አንድ ቤት ነው። «ሰርጉ ቀረ» እያለ ሽማግሌውን ተከተለ። ሴትየዋም ይህስ አያምልጠኝ ብላ ነጠላዋን አንስታ ከኋላ መጣች።

የአማችየው ሳንቃ እስከ ታች ወርዷል። ከሳንቃው በላይ ውሃው ተኝቶ ኩሬ ሆኗል፤ ኩሬው ውስጥ የሰፈሩ ልጃገረዶች እየዘፈኑ ጋቢ ይረግጣሉ። መሀላቸው አማችየው ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ የእንዶድ አረፋ ጢሙ ላይ ቀርቶ፣ አብሮ ይረግጣል። ሰዎቹን ሲያይ ቆመ።

«አማቼ፣ ይህንን አሁን ማየት አልነበረብህም» አለ አፍሮ። «ከሙሽራዋ ጋር ወደ ቤትህ የሚመጣ ነው፤ ያንተም ጋቢ አለበት። ሳንቃው ከስሩ የሚያሾልክልህ መስሎኝ ነው እኮ ይህን ሰሞን የዘጋሁት። ወርጄ ቦይህን ሳየው ውሃ አለው።»

«እሱ ምንጬ ነበር» አለ ሰውየው።

ሁለቱ ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው ሴትየዋ ነበረች፤ ከዚያ ሽማግሌው፣ ከዚያ ሁሉም። አማቾቹ ሳንቃውን ለሁለት ይዘው አነሱት። ውሃው ነጭ አረፋ ተሸክሞ እየዘለለ ወረደ፤ ልጃገረዶቹ እልል እያሉ በቦዩ ዳር ተከትለውት ሮጡ። «ቃሪያህም ለሰርጉ ገላውን ታጠበ» አለችው ሴትየዋ። ከሰዓት በኋላ ችግኙ ቀና አለ። ሰርጉም ተሰረገ፤ ሰውየው በታጠበው ጋቢ ተከናንቦ ጨፈረ።

እንግዲህ ስመኝ፣ ሁለቱ ሳንቃዎች የሚባዙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። አሥራ ሁለት ቀጭኑ ውሃ ነው። ሁለትና ስድስት ያመጡታል፣ ሦስትና አራት ያመጡታል፣ ግማሽና ሃያ አራትም ያመጡታል። አሥራ ሁለት ምንም አላጠፋም፤ ምስክር መሆን አይችልም እንጂ። ዜሮ ግን ባዶ ቦይ ነው፤ ከሚባዙት አንዱ ዜሮ ካልሆነ ብዜታቸው ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ሰውየው ምንጩን እንደመለሰ እኛም አሥራ ሁለቱን ከማዶ እናነሳዋለን፦ ቁጥሩን ኤክስ ብለን ስናባዛው፣ ኤክስ ስኩዌር፣ ሲደመር አራት ኤክስ፣ ሲቀነስ አሥራ ሁለት፣ እኩል ይሆናል ዜሮ። አሥራ ሁለቱ ወደዚህ ሲመጣ ሳንቃዎቹም አዲስ ይሆናሉና እንፈልጋቸዋለን። ሲባዙ ኔጌቲቭ አሥራ ሁለት፣ ሲደመሩ አራት የሚሆኑት ስድስትና ኔጌቲቭ ሁለት ናቸው። አንዱ ሳንቃ ኤክስ ሲደመር ስድስት ነው፣ ሌላው ኤክስ ሲቀነስ ሁለት። ወይ ይህኛው ተዘግቶ ዜሮ ሆኗል፣ ወይ ያኛው። ይህኛው ከሆነ ኤክስ ኔጌቲቭ ስድስት ነው፤ ያኛው ከሆነ ሁለት ነው። ሁለት መልስ ያለው የምናንኳኳው ሁለት ቤት ስለሆነ ነው። ሁለቱንም በአራት ከሚበልጧቸው ጋር አባዢያቸው፤ አሥራ ሁለት ይመጣልሻል።

የውሃ አባት ለምን ብሎ የጠየቃቸውን ሰው ማሳው ድረስ ወርደው መለሱለት። እኔ አንቺን በሳቅ መለስኩሽ፤ ጥያቄሽ ግን በዚያ ዓመት ከሰማኋቸው ሁሉ የበለጠ ነበር። ስመኝ፣ ይቅር በይኝ።