ፖከር ቤት የገቡት ሽማግሌዎች

አንድ ቀን ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ አንድ ሆቴል አራተኛ ፎቅ ላይ አዲስ የተከፈተ ካዚኖ ውስጥ፣ ፖከር መጫወቻው ክፍል ገቡ። ካርታ አምሯቸው እንዳይመስላችሁ። የቤቱን ባለቤት የአቶ ልሳኑን ልጅ ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው። አቶ ልሳኑ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ናቸው። ሁለት ጊዜ የተላከባቸውን ሽማግሌ ከመኖሪያ ቤታቸው በር ላይ መልሰዋል። ልጃቸው ሜላት ደግሞ «አባቴ ሦስተኛም እንቢ ካለ በቃ፣ ተወኝ» ብላ ሊያገባት ለሚፈልገው ልጅ ቁርጡን ነግራዋለች። የልጁ ዘመዶች ጨነቃቸውና በሽምግልና ስማቸው የገነነውን ጋሽ አበጋዝን ከቤታቸው ጎትተው አመጧቸው።

ካርታ የምታድለው ልጅ ወንበር አሳየቻቸው።

«አባቶች፣ ተቀመጡ።»

«እሺታ ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ አበጋዝ። የሽማግሌ ወግ ነዋ!

«እዚህ ቆሞ መጫወት ክልክል ነው።»

«ልጅ ለመጠየቅ መጥቶ መቀመጥም ክልክል ነው፣ የኔ ልጅ።»

ሽማግሌ ቆሞ መቀመጥ ነውር የመሰላቸው ሁለት ቁማርተኞች ብድግ አሉ። እነሱን አይቶ ጎናቸው ያለው ጠረጴዛ ተነሳ። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ በሙሉ ካርታውን ደረቱ ላይ ለጥፎ ቆመ።

አቶ ልሳኑ ከቢሯቸው ሮጠው ወጡ። «ምንድን ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

ጋሽ አበጋዝ ጉሮሯቸውን ጠርገው ልጁን ሩብ ሰዓት ሙሉ አመሰገኑት። ጨዋ ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፣ ቁጡ አይደለም፣ እናቱን ይጦራል።

«እኔ ወሬ አላምንም፤ የሰው ፊት ነው የማነበው» አሉ አቶ ልሳኑ። «አንድ ዙር እንጫወት። ካሸነፉኝ ልጄን ሰጥቻለሁ። ከተሸነፉ ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጡ!»

በቁማቸው ተጫወቱ። ጋሽ አበጋዝ ሁለት ካርታቸውን አንዴ አየት አደረጉና በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን፣ ፊታቸው የተከመረውን መጫወቻ ሁሉ ወደ መሃል ገፉት። አቶ ልሳኑ ፊታቸውን በግራ አዩት፣ በቀኝ አዩት፣ መነጽር አጥልቀው አዩት። ምንም የለም። ላብ አጠመቃቸው። «እኚህ ሰውዬስ ከባድ ነገር ይዘዋል» ብለው ከካርታ ሁሉ የሚበልጠውን አስ ሁለት ይዘው ሳለ ጥለው ዙሩን ለቀቁ።

ጋሽ አበጋዝ ካርታቸውን ገለበጡ። ሁለት ቁጥርና ሰባት ቁጥር፤ ለምንም የማይሆን።

«በባዶ እጅ!» ጮኹ አቶ ልሳኑ። «ዓይንዎን እንኳ ሳያርገበግቡ! እንዴት ቻሉበት?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ አይቼው የማላውቀውን ሙሽራ በሴት አባት ፊት ሳመሰግን የኖርኩ ሰው፣ ሁለት ካርታ ያቅተኛል?»

አቶ ልሳኑ ክው አሉ። «እንዴ! አሁን ሲያመሰግኑት የቆዩትን ልጅስ ያውቁታል?»

ጋሽ አበጋዝ ወንበር ስበው ተደላድለው ተቀመጡ።

«እሱን ልጅዎ ታውቀዋለች። እኔማ ስሙንም የሰማሁት አሁን ሊፍት ውስጥ ነው።»