ላስቲኩ ያልተላጠለት ማሽን

ድሮ እንዳልላችሁ ባለፈው ቅዳሜ ነው፤ ሩቅ አገር እንዳልላችሁ ከአጥሬ ማዶ ነው። ተረት ነው ብላችሁ ስሙኝ። እኔ ግን እስካሁን ንዴቴ ስላልበረደልኝ ድምፄ ከፍ ካለ እናንተን መቆጣቴ አይደለም።

ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር አለ፤ የጎረቤቴ የእማማ አልጋነሽ በር ነው። በሩ የፈለገው አንድ ትንሽ ነገር ብቻ ነበር። አንድ ስም። ከቀይ ስቲከር ወረቀት የተቆረጠ፣ "ሐረገወይን" የሚል ስም።

ሐረገወይን የእማማ አልጋነሽ ትልቋ ልጅ ናት። ቤሩት የሰው ቤት ስትሠራ ኖራ ያን ቀን ከሰዓት ልትገባ ነው። ትንሿ ልጃቸው ትርፌ ደግሞ አንድ ማስታወቂያ ሠሪ ዘንድ ተቀጥራ፣ ባጃጅ ላይ የሚለጠፍ ጽሑፍ በምላጭ ስትቆርጥ ትውላለች። ጣቷ ከፕላስተር ተለይቶ አያውቅም። ሰውየው ደግሞ አፉ ከስድብ ተለይቶ አያውቅም። ሐረግ ይህን ስትሰማ አንጀቷ አረረና መቁረጫ ማሽን ላከችላት፤ ስልክ ላይ የጻፉትን በራሱ ምላጭ ቆርጦ የሚያወጣ ማሽን። "ከዚያ ሰውዬ ውጪና የራስሽን ሥራ ጀምሪ" አለቻት።

ታዲያ በደወለች ቁጥር "ጀመርሽ ወይ?" ትላለች። ትርፌ "ጀምሬያለሁ" ትላለች። የት ጀመረች። ማሽኑ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ ወጥቶ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። አንድ ቀን በቪዲዮ ሲያወሩ ሐረግ ዳንቴሉን አየችው። ቱግ አለች። "ስሜን በዚያ ማሽን ቆርጠሽ በሩ ላይ ለጥፈሽ ካላየሁ ቤት አልገባም። ማሽኑን ይዤ፣ ከነሻንጣዬ ዞሬ አክስቴ ጋ አዲስ አበባ እሄዳለሁ። የሚሠራበት ሰው አላጣም" አለቻት። ሐረግን አውቃታለሁ፤ ካለች አለች ነው። ማሽኑ ከሄደ ትርፌ ሰኞ ተመልሳ ያ ተሳዳቢ ጋ ናት።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑ ከቁም ሣጥን ወረደ። እኔም ላግዝ ብዬ ሄጄ ሶፋው ላይ ተቀምጫለሁ። መብራት ነበር፤ የዛን ቀንስ መብራትን አላማም። ስልኩም ጥቂት ካስለመነን በኋላ ከማሽኑ ጋር ተገናኘ። ትርፌ ስሙን ጻፈች። ቀዩን ወረቀት በሰሌዳው ላይ አነጠፈች፤ ሰሌዳው ወረቀት ተሸክሞ ማሽኑ ውስጥ የሚገባ ስስ ነገር ነው። ቁልፉን ተጫነች። ማሽኑ እርርር አለ፣ ሰሌዳውን ጎረሰው፣ ወዲያ ወሰደው፣ ወዲህ መለሰው፣ በመጨረሻ የተጨማደደ ቀይ ነገር ተፋ። ስም የለም።

"ምን ሆነህ ነው አንተ? በሩ ስም ይፈልጋል እኮ" አለችው ትርፌ።

ማሽኑ ተቆጣ። "በእኔ ላይ አትጩኺ። እኔ የምነዳው ምላጭ ነው፤ ምላጩ ካልቆረጠ ስሙን ከየት አምጥቼ ልስጥሽ?"

በሩ ስም ፈለገ፤ ማሽኑ አልሰጥም አለ። ትርፌ ወደ ምላጩ ዞረች።

"አንተስ ምን ሆነህ ነው የማትቆርጠው?"

ምላጩ ከማሽኑ ባሰ። "እኔን ዶማ አደረግሽኝ እንዴ? ስል ነኝ። የእኔን ዘመዶች ጣትሽ ያውቃቸዋል። ግን ወረቀቷ ገና ስነካት ትሸሻለች፤ የሚሸሽ ነገር እያሯሯጥኩ አልቆርጥም።"

በሩ ስም ፈለገ፤ ማሽኑ አልሰጥም አለ፤ ምላጩ አልቆርጥም አለ። ትርፌ ሌላ ወረቀት አነጠፈች፣ ጥጎቹን በመዳፏ ጨፈለቀቻቸው፣ እንደገና ተጫነች። ጭራሽ ባሰበት። ይሄኛው እንደ መሐረብ ተጠቅልሎ ወጣ። ያቺ ልጅ ንዴቷ ፊቷ ላይ ወጣ፣ እኔም ደሜ ፈላ።

"አንቺ ወረቀት፣ አትረጊም?" አለቻት። ወረቀት እንኳ ተሳዳቢ ሆናለች በዚህ ዘመን። "ምን ላይ ልርጋ? ሰሌዳው ካልያዘኝ በምን እግሬ ልቁም? ምላጩ ሲገፋኝ እሄዳለሁ፤ አንቺስ ቢገፉሽ አትሄጂም?" አለች።

በሩ ስም ፈለገ፤ ማሽኑ አልሰጥም አለ፤ ምላጩ አልቆርጥም አለ፤ ወረቀቷ አልረጋም አለች። ትርፌ ሰሌዳውን አንስታ አየችው። በጣቷ ዳሰሰችው፤ ያንሸራትታል። ደግማ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረችው። ጥጉ ላይ አንድ ቅጠል የምታህል ነገር ብድግ ብላለች። ጥፍሯን ከሥሯ ገባ አደረገች። ከሥሩ ያለው ጣቷን ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

"አንተ ሙጫ አለህ እኮ" አለችው።

"አለኝ" አለ ሰሌዳው፣ እሱም በንዴት። "ፋብሪካው ሲልከኝ ሙጫ ቀብቶ ነው የላከኝ። አቧራ እንዳይነካኝ ብሎ ደግሞ ላስቲክ አለበሰኝ። ስትጀምሩ ታወልቁታላችሁ ብሎ ነው እንጂ ሕይወቴን ሙሉ ካፖርት ለብሼ እንድሠራ አይደለም። ላስቲኩ ከላዬ ካልተላጠ ማንንም አልይዝም።"

በሩ ስም ፈለገ፤ ማሽኑ አልሰጥም አለ፤ ምላጩ አልቆርጥም አለ፤ ወረቀቷ አልረጋም አለች፤ ሰሌዳው አልይዝም አለ። ትርፌ ላስቲኩን በጥጉ ይዛ ልትስበው ስትል፣ ላስቲኩ በአራቱም ጥግ ተጣብቆ፣ "እኔ ጥፍር አልፈራም፤ እኔ የምፈራው እናትሽን ነው። እሳቸው ካልፈቀዱ አልላጥም" አለ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ ፍቀዱልኝ። እዚያ ቤት ላስቲክ ያልለበሰ ነገር የለም። ሐረግ ቴሌቪዥን ላከች፤ ላስቲኩ አልተነሳም። ፍሪጅ ተገዛ፤ ላስቲኩ በሩ ላይ ቢጫ ሆኖ ተጠቅልሏል፣ አሁንም አለ። ሪሞቱ ፌስታል ውስጥ ታስሮ ነው የሚጫኑት፤ ጣቢያ ለመቀየር አውራ ጣት ይዝላል። ሶፋውማ ተዉት። በሙቀት ቀን ተቀምጬበት ስነሳ ቆዳዬ አብሮኝ የሚነሳ አይመስለኝም። እማማ አልጋነሽ ራሳቸው አይቀመጡበትም፤ ከጎኑ በርጩማ አላቸው።

ያን ጊዜም በርጩማቸው ላይ ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ሰሌዳውን ከትርፌ ነጠቁ።

"ምን ልታደርጊ ነው?"

"ላስቲኩን ልልጠው ነው፣ እማዬ። ካልተላጠ አይሠራም።"

"አይላጥም። ማሽኑ ይውረድ አልሽ፣ ለእሷ ስም ነው ብዬ ዝም አልኩ። የሐረግ ላብ ነው፣ የሐረግ ዕቃ ነው። እኛ አደራ ጠባቂዎች ነን። ልጄ ገብታ በዓይኗ ሳታየው አንድ ላስቲክ ከዚህ ቤት አይነሳም።"

"ለእኔ እኮ ነው የላከችው።"

"ለአንቺም ቢሆን። አሮጌ አድርጋችሁ ጠበቃችሁኝ እንድትለኝ ነው?"

ትርፌ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ምን ልበል? በላስቲካቸው ላይ ተቀምጬ ስለ ላስቲክ ልከራከር? ስልኳን አንስታ ሐረግ ጋ ደወለች፤ ከአዲስ አበባ ተነስታ መንገድ ላይ ነበረች። "ሐረግዬ፣ በናትሽ፣ መጀመሪያ ግቢና እይው፣ ከዚያ እቆርጠዋለሁ" አለቻት። የሐረግ ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጆሮ ገባ። "ስሜ ካልተለጠፈ አልገባም አልኩሽ እኮ" ብላ ዘጋችው።

እስቲ አሁን ይህን ምን ትሉታላችሁ? በሩ ስም ፈለገ፤ ማሽኑ አልሰጥም አለ፤ ምላጩ አልቆርጥም አለ፤ ወረቀቷ አልረጋም አለች፤ ሰሌዳው አልይዝም አለ፤ ላስቲኩ አልላጥም አለ፤ እማማ አልጋነሽ አልፈቅድም አሉ፤ ሐረግ አልገባም አለች። ሐረግ ካልገባች እማማ አልጋነሽ አይፈቅዱም፤ እማማ አልጋነሽ ካልፈቀዱ ሐረግ አትገባም። ጨርቄን ጥዬ ላብድ ምንም አልቀረኝ።

ከምሳ በኋላ ባጃጅ ደጃፍ ላይ ቆመ። ከኋላው ሁለት ሻንጣ ታስሯል፤ ሐረግ ውስጥ ተቀምጣለች። ከስታለች። በሩን አየችው። አረንጓዴ ቆርቆሮ እንጂ ሌላ የለም።

እማማ አልጋነሽ በነጠላቸው እየተጠላለፉ ወጡ። "ልጄ። ልጄ፣ ውረጂ።"

"አልወርድም፣ እማዬ።"

"ስንት ዓመት ጠብቄሽ?"

"ስሜ የታለ?"

ሹፌሩ "እህቴ፣ ዕቃውን ላውርድ ወይስ ልመለስ? ሥራ ፈታሁ እኮ" አለ። ትርፌ እናቷ የነጠቋትን ሰሌዳ አንስታ ከቤት ወጣችና ቀኑን ሙሉ የዋጠችውን አንድ ላይ አፈነዳችው። "ስምሽን ማሽኑ አልሰጥም አለኝ፤ ምላጩ አልቆርጥም ብሎ፤ ወረቀቷ አልረጋም ብላ፤ ሰሌዳው አልይዝም ብሎ፤ ላስቲኩ አልላጥም ብሎ፤ እማዬ አልፈቅድም ብላ፤ አንቺ አልገባም ብለሽ። እንግዲህ ማሽንሽን ጫኚው። ሁላችሁም ተናደዱ፣ ሰኞ የምሰደበው ግን እኔ ነኝ።"

ሐረግ ወደ እናቷ ዞረች። "እማዬ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠሽበታል?"

"እንዴት እቀመጥበታለሁ? ያንቺ አይደል? አዲስ ሆኖ ይቆይሽ ብዬ በርጩማዬ ላይ ነኝ።"

ሐረግ ያን ጊዜ ጮኸች። በሕይወቴ እንዲያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም፤ ንዴት ነው እንዳልል እንባ አለበት። "እኔ እዚያ የሰው ሶፋ ስጠርግ፣ ሴትዮዋ ደግሞ ተደግፋ ስታየኝ፣ እናቴም እንዲህ ተደግፋ ትቀመጥ ብዬ ነው የገዛሁት። ወገብሽን እያመመሽ በርጩማ ላይ እንድትቀመጪ ነው ዕድሜዬን የሰው ቤት ያጠብኩት? ለላስቲኩ ነው የሠራሁት?"

የእማማ አልጋነሽ እጅ ወደ ወገባቸው ሄደ፤ ምን ጊዜም የሚያማቸው እዚያ ነው። ከዚያ ሰሌዳውን ከትርፌ እጅ ወሰዱት። ጥጉን በጥፍራቸው ፈለጉት፣ እምቢ አላቸው። ጥርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ነከሱ፣ ጎተቱ። ላስቲኩ ጭርርር ብሎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ወጣ። አፈር ላይ ወረወሩትና በጫማቸው ረገጡት።

"እንኪ" አሏት ትርፌን።

እማማ አልጋነሽ ፈቀዱ፤ ላስቲኩ ተላጠ፤ ሰሌዳው ያዘ፤ ወረቀቷ ረጋች፤ ምላጩ ቆረጠ፤ ማሽኑ ስሙን ሰጠ፤ በሩም ስሙን አገኘ። ትርፌ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየለጠፈች ስታልፍ ተቻኩላ ነበር፤ "ሐ"ዋ ትንሽ ዘመም ብላለች፣ አሁንም እንደዘመመች ናት። ሐረግ ከባጃጁ ወረደች። በጣቷ ስሟን ዳበሰችው፣ ከዚያ እናቷን አቀፈቻቸውና ገባች።

ሹፌሩ ሻንጣውን ቢያወርድም አልሄደም። በሩን ሲያይ ቆይቶ፣ "ይሄን ማሽኑ ነው የቆረጠው? ለኔም ባጃጅ የልጄን ስም ትቆርጪልኛለሽ?" አላት። ትርፌ "ሰኞ ና። እኔ ሰኞ እዚሁ ነኝ" አለችው።

ቤት ውስጥ ሦስታችን ሶፋውን ገፈፍነው። ከሥሩ የወጣው ጨርቅ ቡናማ ነበር፤ እስከዚያ ቀን ቀለሙን በወጉ አይቼው አላውቅም። እማማ አልጋነሽ አጠገቡ ቆመው፣ "ይቆሽሻል እኮ" አሉ።

"ይቆሽሽ" አለች ሐረግ።

ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቆይተው ተደገፉ። ሐረግ በርጩማውን በእግሯ ወደ ጓዳ ገፋችው።

ተረቴ ይኸው፣ ንዴቴ ግን ገና ነው። በሉ አሁን ተነሡና ሪሞታችሁን ከፌስታሉ አውጡት።