የአጥሩ ሚኒስቴሮች ሲዋሃዱ

አንድ ጊዜ የአራዊት ንጉሥ አንበሳ ለአንድ አጥር ሦስት ሚኒስቴር አቋቋመ። አንዱ አጥሩን የሚያጥር፣ አንዱ አጥሩን የሚያይ፣ አንዱ ጅብ ሲመጣ የሚጮኽ። አጥሩ ቀዳዳ ነበረው።

ከቀዳዳው አጠገብ አህያ ከውርንጭላዋ ጋር ትኖር ነበር። ጅብ በየቀኑ እየመጣ አፍንጫውን በቀዳዳው ያስገባል። ጥበቃ ላይ የቆሙትን ውሾች ሲያይ ይመለሳል።

አህያ የንጉሡ አማካሪ ወደሆነው ቀበሮ ሄደች።

«ጌታው፣ ቀዳዳውን ድፈኑልኝ። ልጄን ሊበላብኝ ነው።»

«የትኛውን ሚኒስቴር ጠየቅሽ?»

«ሦስቱንም። አጣሪው ወደ ተመልካቹ ላከኝ፣ ተመልካቹ ወደ ጯሂው። ጯሂው ደግሞ እስኪበላው አልጮኽም አለኝ።»

ቀበሮ ራሱን ነቀነቀ። «ችግሩ መዋቅር ነው።»

አንበሳ ወዲያው ሦስቱን አዋሃደ። አዲስ ስም፣ አዲስ ማኅተም፣ አዲስ ታፔላ። ያው ቀዳዳ። ከዚያ ድልድል ታወጀ፤ ሠራተኛው ሁሉ ሥራውን ትቶ ለገዛ ወንበሩ እንደገና ይወዳደራል። ውሾቹም አጥሩ ላይ ወረቀት ለጥፈው ሄዱ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጅብ መጣ። ውሻ የለም። ወረቀት አለ። ማንበብ ስለማይችል ፈራ።

«አንቺ፣ ምን ይላል?»

ወረቀቱ የሚለው «ለድልድል ሄደናል» ነበር። አህያ ልጇን ከኋላዋ ሸሸገች።

«አያ ጅቦ፣ አንተንም ለድልድል ይጠራሃል። ካልደረስክ ድርሻህን ሌላ ይበላዋል ይላል።»

ድርሻ የሚለውን ሲሰማ ለሀጩን እያዝረበረበ ወደ ድልድሉ ሮጠ።

ድልድሉን የሚመራው ቀበሮ ከጠረጴዛው ቀና ሳይል ጠየቀው። «አጥሩ ላይ ስንት ዓመት?»

«ስድስት። አንድም ቀን አልቀረሁም።»

«ቀዳዳውን ታውቀዋለህ?»

«በጭንቅላቴ ለክቼዋለሁ።»

ከውሾቹ መካከል እንዲህ ያለ ልምድ ያለው አልተገኘም። እነሱ መዝገብ ቤት ተመደቡ። ጅብ የአጥር ጥበቃ ኃላፊ ሆነ፤ ማኅተሙን ሲሰጡት ይበላ መስሎት ነከሰው።

ሹመቱ በአደባባይ ሲነበብ አህያ ሰማች። አቤቱታ አልጻፈችም። ልጇን ይዛ በቀዳዳው ወጣች።

«እማዬ፣ ወዴት ነው?»

«ጠባቂ ወደሌለበት።»

ከዚህ የምንማረው አንዲት ቀዳዳ መድፈን ያቃተው መንግሥት ሚኒስቴር መፍጠርና ማዋሃድ ሲጀምር፣ ልጅ ያለው ሁሉ እግሩን ማዘጋጀት እንዳለበት ነው።