እንጉዳይ የዘገየችበት ለቅሶ

ከእንዶዴ መንደር በላይ፣ ዳገቱ አልቆ ሜዳው በሚጀምርበት፣ ከሜዳውም ወዲያ ገደሉ አፉን ከፍቶ በሚጠብቅበት ቦታ፣ ክብ ሠርተው የተቀመጡ ድንጋዮች አሉ። የአገሩ ሰው ተቀማጮቹ ይላቸዋል። ከሩቅ ላያቸው፣ በተለይ ጉም ሲወርድ፣ ድንጋይ አይመስሉም፤ ጋቢ ተከናንበው አንገታቸውን የደፉ ሰዎች ነው የሚመስሉት። ጋቢ የመሰለው ነገር የድንጋይ ሽበት መሆኑ የሚታወቀው ሲቀርቧቸው ነው።

ሊያያቸው የፈለገ ሰው ይሄዳል፤ የሚከለክለው የለም። ብቻ «ነገ እሄዳለሁ»፣ «ለእሑድ እንሂድ» ብሎ ቀን አይቆርጥም። ቃሉ አንዴ ከአፍ ከወጣ እዚያው ብድግ ተብሎ ይኬዳል፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ቢፈስም፣ ላሟ ሳትታለብ ብታመሽም። አስካለ የምትባለው የእንዶዴ ሴት፣ ከተማ ያገባች ልጇ ስልክ ደውላ «እማዬ፣ ለመጪው ቅዳሜ ጓደኞቼን ይዤ መጥቼ ድንጋዮቹን ላሳያቸው» ብትላት፣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደዘጋችባት ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል። ልጅቱ ደግማ ደወለች። አስካለም «ስትመጪ ነይ፤ እንደምትመጪ ግን አትንገሪኝ» አለቻትና እንደገና ዘጋችው። ልጅቱ እስከ ዛሬ እንዳኮረፈች ናት ይባላል።

ይህ ሁሉ የመጣው በእንጉዳይ ነው።

እንደሚነገረው፣ በዱሮ ዘመን እንዶዴ ውስጥ እንጉዳይ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ደህና አራሽ፣ ጎተራዋ ሙሉ፣ ቤቷ ሁልጊዜ የተለቀለቀ ነበር፤ ብቻ የሰው ዓይን የምትፈራ ሴት ነበረች ይላሉ። ምንጭ ወርዳ እንኳ ማን ማን እንደቆመ ሳታይ እንስራዋን አታዝልም። ታላቅ እህቷ ዘነቡ ከዳገቱ በላይ፣ አፋፉ ላይ፣ ለሜዳው ሰዎች ተድራ ነበር። የሜዳው ሰዎች ሀብታሞችም ኩሩዎችም ነበሩና፣ አንድ ጊዜ እንጉዳይ ለክርስትና ወደ እነሱ ወጥታ ሳለ፣ ከዘነቡ ባል ዘመዶች አንዷ የእንጉዳይን ነጠላ በሁለት ጣቷ አንሥታ፣ «ይቺን እናንተ ታች ነጠላ ነው የምትሏት ወይስ ወንፊት?» አለቻት። ሰው ሳቀ። እንጉዳይም አብራ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ግን ወደ እህቷ ቤት አልወጣችም።

በዚያ አገር ለቅሶ የራሱ ሥርዓት ነበረው ይባላል። ሰው የሞተባቸው ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ክብ ሠርተው መሬት ይቀመጣሉ፤ ቀብሩ ካለፈም በኋላ ቢሆን የእናት ወገን መጥቶ፣ ከክቡ ውስጥ ለእሱ በተተወለት ክፍት ቦታ ገብቶ፣ እጃቸውን ይዞ «ተነሡ፣ በቃችሁ» ካላላቸው በቀር አይነሡም። የእናት ወገን የሌለ እንደሆነ ጎረቤት ያነሣቸዋል። የእናት ወገን «እንመጣለን» ብሎ ከላከ ግን ሌላ ሰው እጁን መዘርጋቱ ነውር ነው፤ ሟቹን ዘመድ እንደሌለው መቁጠር ነው።

እናም የዘነቡ ልጅ፣ ሌላ ያልወለደችው አንድዬ ልጇ፣ ገደሉ ላይ ማር ሲቆርጥ ገመዱ ተበጥሶ ሞተ። መርዶውን እንዶዴ ያደረሰው የጨው ነጋዴው አያ ንጋቱ ነው፤ እሱ በየገበያው ሽቅብ ወደ ሜዳው እየወጣ ቁልቁል ይመለስ ነበር። እንጉዳይ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች፤ ፊቷን ነጨች፤ ውሸት ነበር የሚል የለም። ያን ጊዜውኑ ልትሄድም ተነሣች። ደጇ ላይ ስትደርስ ግን ነጠላዋን አየችው።

አዲስ ነጠላ ከሸማኔው ዘንድ ነበራት። ሸማኔው ጥለቱ ብቻ ነው የቀረኝ ብሏታል። እሷም ወደ አያ ንጋቱ ዞር ብላ፣ «ስትወጣ ለእህቴ ንገራት፤ ነገ እንመጣለን በላት» አለችው።

ሸማኔው በነጋታው አላደረሰም፤ የትኛው ሸማኔ ያደርሳል። አብረዋት ሊሄዱ የተሰናዱት ሴቶችም ያው እንደ እሷ ሆኑ። ደብሪቱ የምትባለው ጎረቤቷ ጠላዬ አልደረሰም አለች፤ ሌላዋ ቀሚሴን በእንዶድ አጥቤ ዝናብ አላደርቅ አለኝ አለች። «ባዶ እጃችንን፣ እንዲህ ሆነን፣ እነዚያ ፊት?» ይባባላሉ። አንዷ ስትደርስ ሌላዋ ትጎድላለች። ቃል ግን ይላካል፤ ነጋዴ በወጣ ቁጥር ነገ እየተባለ ይላካል።

አያ ንጋቱ ሲመለስ እንጉዳይ መንገድ ላይ ጠበቀችው።

«እህቴን አየሃት?»

«ተቀምጣለች።»

«ታለቅሳለች?»

«አሁንስ አታለቅስም። ‹እየመጡ ነው?› አለችኝ። ነገ ይመጣሉ አልኳት።»

«ደግ አደረግህ፤ እግዜር ይስጥህ» አለችው እንጉዳይ።

ደብሪቱ ከአጥሯ ውስጥ ሆና ትሰማ ነበርና ብቅ አለች። «እነዚያ የሚኮሩ ጎረቤቶቿስ ምን ይሠራሉ? አያነሧቸውም?»

«እንዴት ብለው ያነሧቸዋል?» አለ አያ ንጋቱ፣ አህያውን እየነዳ። «እናንተ ልካችኋል።»

ከዚያ በኋላ ብዙ ገበያ አለፈ ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ነፋሱ ወደ ታች ሲነፍስ ለቅሶው እስከ እንዶዴ ይሰማ ነበር። ቆይቶ ለቅሶው ማጉረምረም የመሰለ ነገር ሆነ። ቆይቶ ምንም አልሰማ አለ፤ ከሜዳው ቤቶችም ጭስ መውጣቱን አቆመ። ሴቶቹ ይህን አይተዋል። ያየችው ሁሉ ግን ሌላዋ ቀድማ እንድትናገር ትጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን አያ ንጋቱ ጨውን እንደጫነ፣ ሳይሸጥ፣ ተመልሶ መጣ። በእንጉዳይ ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ውኃ ለመነ። ጠጥቶም አልተነሣም።

«ምነው አያ ንጋቱ፣ አመመህ?»

«ዝናብ ይመታቸዋል፣ አይጠለሉም» አለ። «ቁራ ትከሻቸው ላይ ቆሞ አየሁ። እንደምን ዋላችሁ ብላቸው ቀና የሚል ጠፋ። እህትሽ ብቻ ‹እየመጡ ነው?› አለችኝ።»

«እህሳ?»

«ድምፁ ከአፏ አልወጣም፤ ከተቀመጠችበት ሥር ነው የወጣው። ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ በዚያ መንገድ አልሄድም። አህዮቼም እምቢ ብለዋል።»

«አንተስ ምን አልካት?»

«ነገ አልኳት። ሌላ ምን ልላት ኖሯል?»

በማግስቱ ጠዋት ሸማኔው ነጠላውን አደረሰ። ሴቶቹም በዚያው ወጡ፤ ጠላው ደርሶ፣ ቀሚሱ ደርቆ፣ ሁሉም አምረው። እንጉዳይ የአዲሱን ነጠላ ጥለት ለለቅሶ እንደሚደረገው ወደ ላይ ገልብጣ ለብሳዋለች። ዳገቱን ሲወጡ ስለ ሙሾው ተነጋገሩ፤ ማን እንደምታወጣ፣ ማን እንደምትቀበል። አፋፉ ላይ ሲደርሱ ጉም ነበር። የሜዳው መንደር ውሻ አልጮኸባቸውም። የቤቶቹ በር ሁሉ ክፍት ነበር፤ ውስጡ ሰው የለም። ጎረቤቶቹ ያን ድምፅ መስማት አቅቷቸው ከብታቸውን እየነዱ ወደ ሌላ ሸንተረር ተሻግረው ኖሯል ይባላል።

ሜዳው ላይ ግን ለቀስተኞቹ አሉ። ክብ ሠርተው፣ ተከናንበው፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። ሴቶቹ ከሩቅ እንዳዩዋቸው እሪ አሉ። በአገሩ ልማድ እንግዳ እሪ ሲል ባለ ሐዘኑ ይመልሳል፤ የመለሰ የለም። ደግመው ጮኹ። ደብሪቱ ወጉ እንዳይቀር ወደ አንዱ ተጠግታ፣ ጎንበስ ብላ ከመከናነቢያው ሥር አየች። ገንቦዋ ከእጇ ወደቀ። «ፊት የለውም» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ማንም እንዳይሰማት የፈለገች ይመስል።

እንጉዳይ እህቷን በአቀማመጧ አወቀቻት። ዘነቡ ከልጅነቷ ጀምሮ ስታዝን አንድ ጉልበቷን አቁማ አገጯን ታስደግፍበት ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ናት። ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ እጇን ያዘች። እጅ ነበረ፤ ቅዝቃዜው ግን የወንዝ ድንጋይ ቅዝቃዜ ነው።

«እትዬ ዘነቡ፣ መጣሁልሽ። ተነሺ፣ በቃሽ።»

 ከመሬቱ ሥር አንድ ድምፅ፣ «እየመጡ ነው?» አለ።

«መጣን እኮ። እኔ ነኝ፣ እንጉዳይ።»

«እየመጡ ነው?»

ሴቶቹ ይሄን ጊዜ ቁልቁል ሮጡ፤ መሶቡም እንስራውም እዚያው ቀረ። ደብሪቱ ብቻ፣ ምላሰኛ ብትሆንም ጥላት አልሄደችም፤ ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። «ነይ እንሂድ እቴ። እሷ አይደለችም።»

«እሷ ናት። ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ።»

እንጉዳይ አዲሱን ነጠላ ከላይዋ ገፈፈችና በእህቷ ትከሻ ላይ ደረበችው፤ ጥለቱ ጭቃ ሲነካ ዞር ብላም አላየችው። ከዚያ ከእህቷ ጎን ወዳለው ክፍት ቦታ ገባች፤ ያን ቀዝቃዛ እጅ በሁለት እጇ ይዛ ሽቅብ ሳበች። ደብሪቱ አፋፉ ላይ ቆማ ስትጠራት፣ «ሂጂ፤ ሳላነሣት አልመለስም» አለች። ሰው የሰማው የመጨረሻ ቃሏ ይሄ ነው።

የእንጉዳይ ባል የሰፈሩን ወንዶች አስከትሎ ሲወጣ ክፍት የነበረው ቦታ ክፍት አልነበረም። ነጠላው ዘነቡ ላይ እንዳለ ነበር። ነጠላውን የሚያነሣ ጠፍቶ እዚያው ላይዋ ላይ ዝናብና ፀሐይ ጨረሰው ይባላል። የእንዶዴ ሰዎችም ከዚያ ቀን ወዲህ ወደዚያ ሜዳ ቃል አይልኩም፤ መሄድ የፈለገ ይሄዳል እንጂ ነገ አይልም።

ዛሬ ወደ ተቀማጮቹ የወጣ ሰው ከሁሉም የተለየችውን አንዷን ድንጋይ ማንም ሳይነግረው ያውቃታል። ሌሎቹ ተቀምጠዋል፤ እሷ ግን ወገቧን ሰብራ ወደ ጎረቤቷ ያጋደለች ናት፤ ከጎኗም ክንድ የመሰለ ነገር ወጥቶ ከዚያኛዋ ጋር ተያይዟል። አንሺዋ ይሏታል። ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት፣ በአያቶቻቸው ዘመን የዘነቡ ድንጋይ እንደ ሌሎቹ አፈር ውስጥ የተቀበረች ነበረች። በአባቶቻቸው ዘመን በሥሯ ቢላዋ ይገባ ጀመር። አሁን እጅ ይገባል። ጎርፍ ነው የሚሉ አሉ፤ ጎርፍ ከሆነ ለምን ከእሷ ሥር ብቻ እንደሚያጥብ ግን አይናገሩም። ብዙ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶ ይመለሳል። እጃቸውን ያስገቡት ጥቂቶቹ፣ በክረምትም ቢሆን፣ በዚያ ሁሉ ብርድ፣ አፈሩ ለብ ያለ ነው ይላሉ፤ ሰው ገና አሁን ብድግ ሊል እንደተነቃነቀበት መደብ።