ሲያሞግሱት የሚያብጥ ጭቃ

ተረት ተረት!

«የመሰረት...»

ምነው፣ ምሳ አልበላችሁም እንዴ? ጮክ በሉ እንጂ! ተረት ተረት!

«የመሰረት!»

እሰይ፣ እንዲህ ነው እንጂ።

በድሮ ጊዜ ጉልላት የሚባል ንጉሥ ነበረ። ይሄ ንጉሥ ከምግብም ከመጠጥም አብልጦ ሙገሳ ይወድ ነበር። ሲያስነጥስ እንኳ «እንዴት ያለ ግሩም ማስነጠስ ነው!» ካላሉት ያኮርፋል። ንጉሥ ሆኖ ማኩረፍ! አይ ጉድ!

በዚያው አገር፣ ወንዝ ዳር፣ ስንቅነሽ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። የመንደሯ ሰው ሁሉ ከወንዙ ዳር ጭቃ እየቆፈረ፣ ድስትና ገንቦ ሠርቶ ያድራል። የቤተ መንግሥት ሰዎች ታዲያ በስንቅነሽ ድስት ወጥ እየበሉ እጇን አይጨብጡም። «ቡዳ ናት» ይላሉ። ወጡን ሲጠራርጉት ቡዳው የት ሄዶላቸው ነው?

አንድ ቀን ንጉሡ አስጠራት። የሎሚ ችግኝ የተተከለበት ትልቅ ማሰሮ አሳያት።

«ይህን ማሰሮ አስጊጪልኝ» አላት። «ፊቴን በጭቃ ሠርተሽ ለጥፊበት። በሦስት ቀን ካላደረስሽ፣ መንደርሽን ከወንዙ ዳር አስነሥቼ መሬቱን የፈረስ መጋለቢያ አደርገዋለሁ።»

በመጀመሪያው ቀን ፊቱን ሠርታ ለጠፈችው። ሲደርቅ ወደቀ። በእሳት በተተኮሰ ሸክላ ላይ እርጥብ ጭቃ መቼ ይጣበቅና! በሁለተኛው ቀን ጭድ ቀላቅላ ለጠፈችው። ተሰነጣጥቆ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን ጭቃ የምትቆፍርበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰች። ያን ሁሉ ሰው ወዴት ትወስደዋለች?

አንዲት ጉርጥ ከጉድጓዱ ብቅ አለች።

«አታልቅሺ» አለቻት። «ስንት ዓመት ስትቆፍሪ ቤቴን አንድም ቀን አላፈረስሽብኝም። እንኪ ይህን ጭቃ። እሳት አይፈልግም፤ የትም ቢለጥፉት ይይዛል። ጠባይ ግን አለው። ሲያሞግሱት ያብጣል። እውነት ሲናገሩ ይኮማተራል።»

ስንቅነሽ ትንሽ አሰበች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ከት ብላ ሳቀች።

መዳፍ የምታክል የንጉሥ ፊት ሠራች። ዘውድ ደፋችላት፣ ጢም አወጣችላት፣ ዙሪያዋን በሎሚ ቅጠል ከበበቻት። ማሰሮው ላይ ስትለጥፋት ጥብቅ አለች።

ንጉሡ ማሰሮውን አዳራሹ ውስጥ አስገብቶ ሹማምንቱን ሰበሰበ።

«በሉ፣ ተናገሩ!» አላቸው።

«ውበትስ የጃንሆይ!» አለ አንዱ። የጭቃው ጉንጭ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ።

«ጥበብስ የጃንሆይ!» አለ ሁለተኛው። አፍንጫው ተንዘርፍጦ ወንበር አከለ።

«ጀግንነትስ የጃንሆይ!» አለ ሦስተኛው። ፊቱ አብጦ ጣሪያ ነካ።

ንጉሡ ደስታውን አልቻለም። «ጨምሩ!» አለ። ጨመሩለታ! ውሻ በበላበት ይጮሃል። የጭቃው አፍንጫ መጥቶ ንጉሡን ሆዱ ላይ ተጭኖ ከግድግዳ ጋር አጣበቀው። በሩም ተዘጋ። በጎራዴ ቢመቱት ጎራዴው ተጣመመ።

«ጃንሆይ፣ የሚያንሰው እውነት ሲነገር ነው» አለች ስንቅነሽ፣ ከጥግ ሆና።

«እውነት ተናገሩ!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ።

ሹማምንቱ ተያዩ። አንዱ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብሎ ዙፋን ሥር ገባ። ሌላው «እውነቱን ለመናገር፣ ጃንሆይ፣ ትሕትናዎ በዛ» አለ። ጭቃው ባሰበት!

ንጉሡ ትንፋሽ አጠረው። ቢቸግረው ራሱ ጀመረ።

«እኔ... አይጥ እፈራለሁ።» ጭቃው ትንሽ ጎደለ።

«በጦርነት ጊዜ ድንኳን ውስጥ ተደብቄ ነበር።» ጭቃው ከጣሪያው ወረደ። አፍንጫው ግን ሆዱን አልለቀቀም።

«አሁንስ ምን ቀረ?» አለ እያለቀሰ።

«የቀረውን እርስዎ ያውቁታል፣ ጃንሆይ» አለችው።

ጥርሱን ነከሰ፣ ላብ አጠመቀው። «የወንዙ ዳር መሬት... የኔ አይደለም። የሸክላ ሠሪዎቹ ነው።»

ሟሽሽ! ጭቃው ተኮማትሮ ሽምብራ አከለ።

«ይህንኑ በአዋጅ ያስነግሩልኝ» አለች ስንቅነሽ። ንጉሡ ጭቃውን በዓይኑ ጥግ እያየ እሺ አለ። ነጋሪት ተመታ፣ መሬቱም የመንደሩ መሆኑ ታወጀ።

ይሄኔ ያ ዙፋን ሥር የገባው ሹም አቧራውን እያራገፈ ወጣና «ጃንሆይ፣ የጭቃው መልክዎ ሽምብራ ቢያክልም እንኳ ግርማዎ...» ሲል ጭቃው ንቅንቅ አለ።

ንጉሡ ዘሎ የሹሙን አፍ በሁለት እጁ ከደነው። «ዝም በል! ስለ ፈጣሪ ዝም በል!»

እንግዲህ ልጆቼ፣ በሽንገላ ያበጠ ሰው መጨረሻው ራሱን ማስጨነቅ ነው። የሚያሞግሳችሁን ሁሉ ወዳጅ አትበሉ፤ እውነቱን የሚነግራችሁን አትጥሉ።

ተረቴ አለቀ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ውሃ ያመጣልኝ ይባረክ፤ «እንዴት ያምራል!» የሚለኝ ግን ከደጄ ይራቅ።